እየዘፈኑ ቤዝ መምታት ለምን ይከብዳል?

ማንበብ ከመጀመራችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ወንበር ላይ ተቀመጡ። ቀኝ እግራችሁን ከመሬት ትንሽ ከፍ አድርጉና የሰዓት ቆጣሪ በሚዞርበት አቅጣጫ ክብ እየሠራችሁ አሽከርክሩት። ለመደላችሁ? ጥሩ። አሁን እግራችሁን ሳታቆሙ፣ በቀኝ እጃችሁ ጣት አየር ላይ 6 ቁጥርን ጻፉ።

ምን ሆነ? ብዙዎቻችሁ እግራችሁ ወይ ቆሟል፣ ወይ ተንቀጥቅጧል፣ ወይ ደግሞ ሳትፈልጉ ወደ ተቃራኒው አቅጣጫ መዞር ጀምሯል። እግሩ የራሳችሁ፣ እጁም የራሳችሁ ነው፤ ግን አልታዘዝ አሉ።

አሁን ደግሞ ይህን አስቡ። አቦምሳ የምትኖሩ ሦስት ጓደኛሞች ናችሁ እንበል። ለትምህርት ቤት የወላጆች ቀን አንድ ዘፈን ልታቀርቡ ነው። አንዱ ጊታር ይመታል፣ አንዱ ድራም ላይ ተቀምጧል፣ ሦስተኛው ቤዝ ጊታር ይዟል። ሁሉም ተሟልቷል፤ የሚዘፍን ግን የለም! በመካከላችሁ ጥሩ ድምፅ ያለው ደግሞ ያ ቤዝ የያዘው ልጅ ነው። «አንተው እየመታህ ዝፈና» ትሉታላችሁ። ይሞክራል። አፉን ሲከፍት ጣቱ ይቆማል፤ ጣቱ ሲቀጥል ግጥሙ ይጠፋበታል። ሁለት ቀን ሞክሮ «እኔ ተሰጥኦው የለኝም» ብሎ ይተወዋል።

እንዲህ ብለው የተዉ ልጆች ጥቂት አይደሉም። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ልጅ የሰጠው ምክንያት ትክክል እንዳልሆነ ማሳየት ነው። ጣቱን ያቆመው የተሰጥኦ ማነስ አይደለም፤ የሁላችንም አንጎል የተሠራበት መንገድ ነው። መንገዱን ካወቅነው ደግሞ እንዴት እንደሚታለፍ ማወቅ እንችላለን።

ቤዝ ምንድነው?

ቤዝ ጊታር አብዛኛውን ጊዜ አራት ወፋፍራም ክሮች አሉት። በተለመደው አቃኘት ከሁሉም ወፍራሙ ክር ሲመታ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል፤ ይህንን 41 ሄርዝ እንለዋለን። ቀጣዮቹ 55፣ 73 እና 98 ሄርዝ ገደማ ናቸው። ለማነጻጸር ያህል፣ የብዙ አዋቂ ወንዶች የንግግር ድምፅ 100 ሄርዝ አካባቢ፣ የሴቶች ደግሞ 200 ሄርዝ አካባቢ ነው። ስለዚህ ቤዝ የሚጫወተው ሰው ከሚናገርበት ከፍታ በታች ነው።

ክር እንዴት እንዲህ ዝቅ ያለ ድምፅ ይሰጣል? ሦስት ነገሮች ይወስኑታል፦ ርዝመቱ፣ ውጥረቱና ክብደቱ። ክር በሁለት እጥፍ ቢረዝም ንዝረቱ በግማሽ ይቀንሳል። የተለመደው ጊታር ወፍራም ክር 82 ሄርዝ ገደማ ነው፤ ቤዝ የእሱ ግማሽ ነው። ይህን በርዝመት ብቻ እናምጣ ብንል 65 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሆነውን የጊታር ክር ወደ 130 ሴንቲ ሜትር ማስረዘም ነበረብን። በዚህ ርዝመት ደግሞ የማን እጅ ይደርሳል? ስለዚህ ክሩን ወደ 86 ሴንቲ ሜትር ብቻ አስረዝመው ቀሪውን በክብደት ሞሉት፤ በክሩ ዙሪያ ሌላ ሽቦ ይጠመጠምበታል። ዛሬ የምናውቀውን ቤዝ ጊታር በሰፊው ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1951 ገበያ ላይ የዋለው የፌንደር ኩባንያ ሥራ ነው። ከዚያ በፊት ቤዝ ተጫዋች የሚይዘው ከሰው ቁመት የሚበልጠውን፣ ቆሞ የሚጫወቱትን ትልቁን ኮንትራባስ ነበር። ያንን ተሸክሞ ማይክሮፎን ፊት መወዛወዝ ቀላል አልነበረም። ቤዙ በትከሻ የሚንጠለጠል ሲሆን ግን ተጫዋቹ ወደ መድረኩ ፊት መምጣት ቻለ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ልታነሡ ትችላላችሁ። የስልካችሁ ድምፅ ማጉያ ከአውራ ጣት ጥፍር ብዙም አይበልጥም፤ 55 ሄርዝ የማውጣት አቅም በጭራሽ የለውም። ታዲያ ዘፈን በስልክ ስንሰማ የቤዙን ዜማ የምንለየው እንዴት ነው? ምሥጢሩ ክር ሲመታ አንድ ንዝረት ብቻ አለመስጠቱ ነው። የ55 ሄርዝ ክር አብሮ 110፣ 165፣ 220፣ 275 እያለ የሚቀጥሉ ድምፆችንም ያወጣል። ስልኩ የታችኛውን ባያሰማም የላይኞቹን ያሰማል። አንጎላችሁ በመካከላቸው ያለው ልዩነት ሁልጊዜ 55 መሆኑን ያገኝና «ታች ያለው 55 ነው» ብሎ የጎደለውን ራሱ ይሞላዋል። ማለትም ጆሯችሁ ያልደረሰውን ድምፅ አንጎላችሁ ይሠራላችኋል። ባጃጅ ውስጥ ባለ ትልቅ ስፒከር ስትሰሙ ግን እውነተኛው 55 ይመጣል፤ ደረታችሁ ላይ የሚሰማችሁም ለዚህ ነው።

ጆሯችን ሰዓቱን የሚቀበለው ከማን ነው?

ብዙ ሰው ዘፈን ሲሰማ ልብ የሚለው ዘፋኙን ነው። እግሩ መሬት የሚመታው ግን በማን ትእዛዝ ይመስላችኋል?

እ.ኤ.አ. በ2014 ካናዳ በሚገኘው የማክማስተር ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ይህን የሚመለከት ጥናት አወጡ። ለተሳታፊዎች አንድ ቀጭንና አንድ ወፍራም ድምፅ አብረው፣ በእኩል የጊዜ ልዩነት እየደጋገሙ አሰሟቸው። አልፎ አልፎ ግን ከሁለቱ አንዱን በ50 ሚሊ ሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ሃያኛ፣ ቀድሞ እንዲመጣ አደረጉት። በዚህ ጊዜ የአንጎላቸውን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ ይለኩ ነበር። ውጤቱ ግልጽ ነበር፦ ወፍራሙ ድምፅ ሲቀድም አንጎል ይበልጥ ይደነግጣል። ተሳታፊዎቹ በጣታቸው ምቱን እንዲከተሉ ሲደረግም፣ ጣታቸው የወፍራሙን ድምፅ ስሕተት ይበልጥ ተከትሎ ተሳሳተ። ተመራማሪዎቹ ጉዳዩ የሚጀምረው ገና ከውስጠኛው ጆሮ እንደሆነ የሚጠቁም ስሌትም አቅርበዋል።

በዚያው ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በእውነተኛ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ዝግጅት ላይ የተሠራ ነው። ከ8 እስከ 37 ሄርዝ የሚደርስ እጅግ ዝቅ ያለ ድምፅ የሚያወጡ ልዩ ስፒከሮችን በየጥቂት ደቂቃው ያበሩና ያጠፉ ነበር። ስፒከሮቹ ሲበሩ ታዳሚው ወደ 12 በመቶ ገደማ አብልጦ ተንቀሳቀሰ። የሚገርመው፣ በኋላ በተደረገ ሙከራ ሰዎች ድምፁ መኖር አለመኖሩን ለይተው ማወቅ አልቻሉም። ሳያውቁት ነው የጨፈሩት ማለት ነው።

ከዚህ የምንረዳው ነገር አለ። በባንድ ውስጥ ጊታሩ ትንሽ ቢዘገይ ብዙ ሰው አያስተውልም። ቤዙ ቢዘገይ ግን አዳራሹ በሙሉ ይሰናከላል። ቤዝ የባንዱ ሰዓት ነው፤ ከድራሙ ጋር ሆኖ ጊዜውን ይጠብቃል።

ዘፋኙስ? ዘፋኝ ተቃራኒውን ነው የሚሠራው። ጥሩ ዘፋኝ አንድን ቃል ይጎትታል፣ ሌላውን ያፋጥናል፣ ከምቱ ትንሽ ዘግይቶ ይገባል። ዘፈኑ ሕይወት የሚያገኘው በዚህ ነው። እንግዲህ እየዘፈነ ቤዝ የሚመታ ሰው ሥራ ምን እንደሆነ ተመልከቱ፦ ጣቱ እንደ ሰዓት ንቅንቅ ማለት የለበትም፤ ድምፁ ደግሞ እንደ ወፍ ነፃ መሆን አለበት። ሁለቱም በአንድ ሰው አካል ውስጥ!

አንጎል ሁለት ሰዓት አይወድም

ሌላ ሙከራ እናድርግ። ሁለቱን ጠቋሚ ጣቶቻችሁን ወደ ፊት ቀስሩ። እንደ መኪና የዝናብ መጥረጊያ ሁለቱንም አብራችሁ ወደ ቀኝ፣ ከዚያ ወደ ግራ አወዛውዙ። አሁን ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ጨምሩ፤ ጨምሩ፤ አሁንም ጨምሩ።

በሆነ ፍጥነት ላይ ጣቶቻችሁ ሳታዟቸው አደራረጋቸውን ይቀይራሉ፤ አብረው ወደ ውስጥ፣ አብረው ወደ ውጭ መሄድ ይጀምራሉ፤ ልክ አንዱ የሌላው የመስታወት ምስል እንደሆነ ማለት ነው። ይህን ስኮት ኬልሶ የተባሉ ተመራማሪ በ1980ዎቹ በዝርዝር አጥንተውታል። ትርጉሙም፦ አንጎል ሁለት የአካል ክፍሎችን ሲያንቀሳቅስ በተፈጥሮው ወደ አንድ የጋራ ምት ይጎትታቸዋል። እግራችሁ 6 ስትጽፉ የከዳችሁም በዚሁ ምክንያት ነው፤ 6 ቁጥር የሚጻፈው ከሰዓት ቆጣሪ በተቃራኒ አቅጣጫ ነውና እግሩ እጁን ተከተለ።

ከንፈር፣ ምላስና ጉሮሮም የሚታዘዙት በአንጎል ነው። ዘፈን ማለት የአፍ እንቅስቃሴ ነው። ስለዚህ አፍ ጣትን ይጎትታል፣ ጣትም አፍን ይጎትታል።

በዚህ ላይ ሁለተኛ ችግር አለ፤ ትኩረት። ቡና እየወቀጣችሁ ወሬ ማውራት ትችላላችሁ አይደል? ያኔ ድንገት አንድ ሰው «17 ሲባዛ በ8 ስንት ነው?» ቢላችሁ ዘነዘናው አየር ላይ ይቀራል። ለምን? ቡና መውቀጥ ራሱን የቻለ፣ የለመደ እንቅስቃሴ ነው፤ ማሰብ አይጠይቅም። ማባዛት ግን ያስባል። አንጎል «አሁን ምን ላድርግ?» የሚለውን ውሳኔ የሚሰጠው እንደ ጠባብ በር አንድ በአንድ እያሳለፈ ነው። ያልተለመደ የቤዝ ምት ይህን በር ይፈልጋል፤ ያልተጠና ግጥምም ይህንኑ በር ይፈልጋል። ሁለቱ በር ላይ ሲጋፉ አንዱ ውጭ ይቀራል። የጓደኛችሁ ጣት የቆመው ያኔ ነው።

መሲንቆ፣ ክራርና በገና

«እንዴ! አዝማሪ እየመታ ይዘፍን የለም እንዴ?» ካላችሁ ልክ ናችሁ። እየተጫወቱ መዝፈን ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ እንዲያውም የቆየው ልማድ ይኼው ነው። ግን መሣሪያዎቹን አንድ በአንድ ብናይ ለአንጎል የሚሰጡት ሥራ ይለያያል።

መሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ብቻ አለው። አዝማሪው ሲዘፍን መሲንቆው ባብዛኛው የዘፋኙን ዜማ ይከተላል፤ ድምፁ ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል። አፍና እጅ የሚሄዱት በአንድ መንገድ ነው፤ መጎተቱ እዚህ ላይ ጠላት ሳይሆን ረዳት ይሆናል። አዝማሪውን የሚያስጨንቀው ሌላ ነገር ነው፤ ፊቱ ስለተቀመጠው ሰው እዚያው ግጥም መፍጠሩ። እጁ ያን ሁሉ የለመደው ጠባቡን በር ለግጥሙ ክፍት ለመተው ነው።

ክራር አምስት ወይም ስድስት ክሮች አሉት። ካሣ ተሰማና አስናቀች ወርቁ ክራር ይዘው የዘፈኑ ስመ ጥር ባለሙያዎች ናቸው። እዚህ እጁ ዜማውን ከመከተል አልፎ ምቱንም ይይዛል፤ ስለዚህ ከመሲንቆ ይልቅ ወደ ቤዝ ጊታር ሥራ ይቀርባል።

የኢትዮጵያ ቤዝ የቱ ነው ከተባለ ግን መልሱ በገና ነው። በገና አሥር ክሮች አሉት፤ ክሮቹ በባህሉ የሚሠሩት ከበግ አንጀት ነው። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል። ድምፁ ወፍራምና ዝቅ ያለ ነው፤ በዚያ ላይ «ዝዝዝ» የሚል ልዩ ንዝረት አለው። ይህ ንዝረት የሚመጣው እንዝራ ከሚባሉ ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ነው። እንዝራው በክሩና በድልድዩ መካከል ይገባል፤ ክሩ ሲርገበገብ ቆዳውን እየነካ ይመለሳል። ይህ ንክኪ የላይኞቹን ድምፆች ያበዛል። ስለ ስልኩ የተነጋገርነውን አስታወሳችሁ? የላይኞቹ ድምፆች ሲበዙ አንጎል የታችኛውን በግልጽ ይለየዋል። ከመቶ ዓመታት በፊት ማጉያ ሳይኖር የአንጀት ክር በአንድ ክፍል ውስጥ እንዲህ ጎልቶ እንዲሰማ ያደረገው ይህ ብልሃት ነው።

በገና ደርዳሪው ራሱ ይዘምራል፤ ዝግ ብሎ፣ ድምፁን ሳያነሣ። በዐቢይ ጾም ጊዜ በብዛት ትሰሙታላችሁ። ጣቶቹ የሚደጋግሙት አጭር ቅርጽ አለ፤ ያ ቅርጽ ሲላመድ ድምፁ ከላዩ ላይ በእርጋታ ይሄዳል። እንግዲህ ወፍራም ክር እየመቱ መዝፈን የሚለው ሐሳብ ከሮክ ሙዚቃ ጋር የመጣብን አይደለም።

ይህ ዕውቀት ግን ሊቋረጥም ይችላል። ታዋቂው የበገና መምህር ዓለሙ አጋ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት በገና ያስተምሩ ነበር፤ በደርግ ዘመን ትምህርቱ ቀረ። በገና በመጽሐፍ የሚማሩት ነገር አይደለም፤ ከመምህር ጣት ወደ ተማሪ ጣት ነው የሚያልፈው። በመካከል ጥቂት ዓመታት የሚያስተምር ቢጠፋ መሣሪያው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቀራል፤ እየደረደሩ መዘመር ግን ይጠፋል። ደግነቱ ከዚያ በኋላ የተማሩ ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ዛሬ በገና የሚያስተምሩ ቦታዎች አሉ።

ከፊት ዘፋኝ፣ ከኋላ ቤዝ

በዘመናዊው ሙዚቃችን ግን ነገሩ ሌላ ነው። የአይቤክስ፣ በኋላም የሮሃ ባንድ ቤዝ ተጫዋች ጆቫኒ ሪኮ ነበር፤ የዋልያስ ባንድ ደግሞ መላኬ ገብሬ። እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውን የማህሙድ አህመድን «ኤሬ መላ መላ» ያጀበው አይቤክስ ነው። እነዚህ ባንዶች በአንድ ምሽት ሆቴል ውስጥ ብዙ ዘፋኞችን እየተቀያየሩ ያጅቡ ነበር። ዘፋኙ ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ባንዱ ግን እዚያው ነው። እንዲህ ባለ አሠራር ቤዝ ተጫዋቹ ይዝፈን የሚያስብል ምክንያት የለም። በሮክ ስልት የታወቀው ጃኖ ባንድም «ኤርታሌ» በተባለው አልበሙ ሲመጣ ከፊት አራት ድምፃውያንን ይዞ ነው፤ ቤዙ ለብቻው ሰው አለው። አልበሙን በማዘጋጀት የተሳተፈው አሜሪካዊው ቢል ላስዌል ራሱ ግን ቤዝ ተጫዋች ነው። ስለዚህ በአገራችን ባንዶች እየዘፈነ ቤዝ የሚመታ ሰው ብዙም ያላየነው ስላልቻሉ ሳይሆን ሥራው የተከፋፈለበት መንገድ ስላላስፈለገው ነው።

በውጭው ዓለም የሮክ ባንዶችን ስታዩ ደግሞ ሒሳቡ ይቀየራል። ክሪም፣ ረሽ፣ ፖሊስ፣ ሞተርሄድ፤ ሁሉም የታወቁት በሦስት ሰው ነው። ጊታር፣ ቤዝ፣ ድራም፤ አለቀ። ማን ይዝፈን? ልክ እንደ አቦምሳዎቹ ሦስት ጓደኛሞች! በክሪም ጃክ ብሩስ፣ በረሽ ጌዲ ሊ፣ በፖሊስ ስቲንግ፣ በሞተርሄድ ሌሚ ዘፈኑ፤ አራቱም ቤዝ ተጫዋቾች ናቸው። ቢትልስ አራት ሰዎች ቢሆኑም ፖል ማካርትኒ ቤዝ የያዘው እ.ኤ.አ. በ1961 የቡድኑ ቤዝ ተጫዋች ስቱዋርት ሳትክሊፍ ሲለቅ ነው። ከዚያ በፊት ጊታርና ፒያኖ ይጫወት ነበር። ክፍት ቦታ ነበር፤ ገባበት።

እያንዳንዳቸው ችግሩን የፈቱበት መንገድ ይለያያል። ስቲንግ ከሬጌ በተማረው መንገድ የቤዙን ምት አሳስቶ፣ ክፍተት እየተወ ይጫወታል፤ ድምፁ በክፍተቱ ውስጥ ይገባል። ሌሚ ቤዙን እንደ ጊታር ብዙ ክሮችን አንድ ላይ እየመታ ያስጮኸዋል፤ እጁ ድምፁን የሚያግዝ አንድ የማያቋርጥ ምት ይይዛል። ጌዲ ሊ ደግሞ ሌላ ደረጃ ላይ ነው፤ እየዘፈነ፣ ቤዝ እየመታ፣ በእግሩ የኪቦርድ ፔዳል ይረግጣል። በጃዝ በኩል ኮንትራባስ እየተጫወተች የምትዘፍነው ኤስፔራንዛ ስፓልዲንግ እ.ኤ.አ. በ2011 በግራሚ የዓመቱ ምርጥ አዲስ አርቲስት ተብላለች። ከአፍሪካ ደግሞ የካሜሩኑ ሪቻርድ ቦና አለ።

አንጎል እንዴት ይለምዳል?

ከአሰላ የወጣው ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ሲሮጥ ግራ ክንዱ ትንሽ ታጥፎ ወደ ሰውነቱ ይጠጋ እንደነበር ትልልቆቹን ጠይቁ። ልጅ እያለ ደብተሩን ይዞ እየሮጠ ትምህርት ቤት ሲመላለስ የለመደው ነው። ደብተሩ ከቀረ ከብዙ ዓመት በኋላም፣ ኦሎምፒክ ላይ፣ ክንዱ ደብተር እንደያዘ ነው። ማንም «አሁን ክንድህን እጠፍ» አላለውም። እንቅስቃሴው ከውሳኔ ወደ ልማድ ተሸጋግሯል።

ይህ ሽግግር አንጎል ውስጥ ቦታ አለው። አዲስ ነገር ስንማር የፊተኛው የአንጎል ክፍል በሥራ ይጠመዳል። እየደጋገምን ስንሄድ ግን ሥራው ወደ ውስጥ፣ ልማድን ወደሚይዙት ክፍሎችና በስተኋላ ወዳለው ትንሹ አንጎል እየተላለፈ ይሄዳል። በፊት አራት የተለያዩ ትእዛዞች የነበሩት ተያይዘው አንድ ትእዛዝ ይሆናሉ። ያኔ ጠባቡ በር ነፃ ይሆናል፤ በእሱ ዘፈኑ ያልፋል። እንቅልፍም ያግዛል፤ ማታ ያልሆነላችሁ ነገር ጠዋት የሚቀላችሁ በዚህ ነው።

ያለ ቤዝ እንሞክረው

ቤዝ የለኝም አትበሉ፤ ጠረጴዛ ይበቃል። ከ1 እስከ 6 በእኩል ፍጥነት እየደጋገማችሁ ቁጠሩ። ቀኝ እጃችሁ በ1፣ በ3 እና በ5 ላይ ይምታ። ግራ እጃችሁ በ1 እና በ4 ላይ። ቀኙ ሦስት፣ ግራው ሁለት ጊዜ መታ ማለት ነው።

ሁለቱን ለየብቻ ለመከታተል ብትሞክሩ ትጠፋላችሁ። ይልቅ አንድ አድርጋችሁ ስሙት፦ ሁለቱም፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ሁለቱም፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። አሁን ሁለት ሥራ መሆኑ ቀረ፤ አንድ ቅርጽ ሆነ። ዋናው ቁልፍ ይኼ ነው። ይህን የሦስትና የሁለት ግጭት ደግሞ ሳታውቁት ታውቁታላችሁ፤ በሠርግ የሚያስጨፍራችሁ ችክችካ ውስጥ አለ።

ቀጥሎ ግራ እጁን አሳርፉና በቦታው አፍ እናስገባ። «አቦምሳ ደረሰች» በሉ። ስትናገሩት ስድስት ምት አለው፦ አ–ቦም–ሳ–ደ–ረ–ሰች። በፊደል ሳይሆን በሚነገረው ድምፅ ቁጠሩት። እየደጋገማችሁ በሉ፤ ቀኝ እጃችሁ ግን በ1፣ በ3 እና በ5 ይምታ፤ ማለትም በ«አ»፣ በ«ሳ» እና በ«ረ» ላይ።

የት ላይ ተሰናከላችሁ? ከ«ደ» ላይ መሆን አለበት። «ደ» የአዲስ ቃል መጀመሪያ ስለሆነ አፋችሁ ይረግጠዋል፤ እጃችሁም አብሮ መርገጥ ይፈልጋል። ግን እዚያ ምት የለም። ዘፋኝ ቤዝ ተጫዋች በሙሉ የሚታገለው ከዚህ ጋር ነው፤ በሺህ በሚቆጠሩ «ደ»ዎች ላይ።

እንግዲህ ለዚያ ጓደኛችሁ የምትነግሩት ቅደም ተከተል ይህ ነው።

አንደኛ፣ ቤዙን ብቻውን ያጥና፤ እየመታ ስለ ትናንትናው ኳስ ማውራት እስኪችል ድረስ። ካልቻለ ገና ነው።

ሁለተኛ፣ ግጥሙን ሳይዘፍን፣ በምቱ ልክ እየተናገረ ብቻ ከቤዙ ጋር ያስኪደው። ዜማ ሦስተኛ ሸክም ነው፤ ይቆይ።

ሦስተኛ፣ ግጥሙን ወረቀት ላይ ይጻፍና ጣቱ የሚያርፍበት ድምፅ ሥር መስመር ያስምር። ሁለቱ የሚገናኙበትን ቦታ ማወቅ በጨለማ ደረጃ ላይ መደገፊያ እንደማግኘት ነው።

አራተኛ፣ በጣም በዝግታ ይጀምር። ጣቶቻችሁ የከዱት ፍጥነት ስትጨምሩ መሆኑን አስታውሱ። ሳይሳሳት መጫወት የሚችልበትን ፍጥነት ያግኝና ከዚያ ትንሽ ትንሽ ይጨምር።

አምስተኛ፣ በቀን አሥራ አምስት ደቂቃ፣ በየቀኑ። ቅዳሜ ብቻ ሦስት ሰዓት ከመቀመጥ ይሻላል፤ ልማድ የሚያድረው በመደጋገምና በእንቅልፍ ነው።

መጀመሪያ ላይ ሁለቱ ሥራዎች አይሆኑም ብሎ የተወው ልጅ በእርግጥ የተሳሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት ቀን ሞክሮ ያየውን እስከ መጨረሻው እንዲያ የሚሆን መሰለው። በሁለት ቀን ጣት ይቆማል፤ የማንም ጣት ይቆማል። የወላጆች ቀን ስንት ሳምንት ቀርቶታል? አሁኑኑ ጥሩትና «አቦምሳ ደረሰች»ን ጠረጴዛ ላይ አስጀምሩት። «ደ» ላይ ሲሰናከል አትሳቁበት፤ እናንተም ተሰናክላችኋል።